የሚያቃጥለው ቅባት

ኃይሌ ጋርመንት ያለው የአትክልት ገበያ ጎህ ሳይቀድ ነው የሚሞቀው። ከመቂና ከባቱ ሌሊቱን ሲነዱ ያደሩ አይሱዙዎች ጀርባቸውን ሰጥተው ይደረደራሉ። ጫኝና አውራጁ የቲማቲሙን ሣጥን ከትከሻ ወደ ትከሻ ያስተላልፋል፤ ደላላው ዋጋ ይጠራል። ከመኪኖቹ መሀል ሰፊ ባርኔጣ ያጠለቀ፣ ደብተሩን አፍንጫው ሥር ድረስ አስጠግቶ የሚጽፍ ሒሳብ ያዥ ቆሟል። ደብተሩን የሚያስጠጋው ዓይኑ ርቆ ስለማያይ ነው፤ ባርኔጣውን የሚያጠልቀው ደግሞ ቆዳው ፀሐይ ስለማይችል። ከአልቢኒዝም ጋር የተወለደ ሰው ነው። ልጅ ሳለ የሠፈር ልጆች «ፈረንጅ! ፈረንጅ!» እያሉ ይከተሉት ነበር። አሁን 36 ዓመቱ ነው፤ የሚከተለው ልጅ የለም፤ ዞር ብሎ የሚያየው ሰው ግን ዛሬም አልጠፋም።

ይህን ሰው ለጽሑፉ ስል ያቆምኩት ነው፤ ስምም አልሰጠሁትም። የሚደርስበት ነገር ግን ሁሉ ይህን መድኃኒት በሚቀቡ ሰዎች ላይ የሚደርስ ነው።

ግንባሩና ግራ ጉንጩ ላይ ሲዳሰሱ የሚሻክሩ፣ ቅርፊታቸው ተልጦ በሳምንቱ ተመልሶ የሚወጣ ቀያይ ነቁጦች አሉ። ብዙዎቹ ገና ካንሰር አይደሉም፤ ፀሐይ ለዓመታት ያበላሸችው ቆዳ የሚያወጣቸው፣ ከተተዉ ግን አንዳንዶቹ ወደ ካንሰር ሊያመሩ የሚችሉ ናቸው። አንዷ ግን ሰፋ ትላለች፣ አልፎ አልፎም ትደማለች። ከእሷ ናሙና ተወስዶ ለምርመራ ሲላክ የመጣው መልስ ካንሰሩ እንዳለ፣ ግን ከላይኛው የቆዳ ሽፋን እንዳልወረደ ይናገራል። በእንዲህ ያለው ደረጃ ላይ ቢላዋ ብቻ ሳይሆን ቅባትም ይሠራል። ሐኪሙ የጻፈለት ፍሎሮዩራሲል የሚባለውን ነው፤ 5 በመቶ ክሬም፣ ጠዋትና ማታ፣ ለአራት ሳምንት።

«ይቀላል፣ ያቃጥላል፣ ይቆስላል። ከዚያ ይድናል» አለው ሐኪሙ። «ሲብስብህ ነው እየሠራ ያለው። እንዳትተወው።»

ይህ ምክር ለሰሚው ቀላል አይደለም። ቅባት ከተባለ ማለስለስ አለበት ብለን ያደግን ሰዎች ነን። እናቶቻችን አናታችንን በቅቤ ያርሱታል፤ የክረምቱን ስንጥቅ ተረከዝ ቫዝሊን ያለሰልሰዋል። ከዚያ ወዲህ ደግሞ ከመድኃኒት ቤት ያለ ትእዛዝ የሚገዙት የክሎቤታሶልና የቤታሜታሶን ቱቦዎች መጡ፤ ማሳከክን በአንድ ሌሊት፣ መቅላትን በሁለት ቀን ዝም የሚያሰኙ ናቸው። ውለው አድረው ቆዳውን እንደሚያሳሱት፣ የተደበቀውን ጭርት እንደሚያስፋፉት፣ ካንሰርንም ሸፍነው ጊዜ እንደሚያባክኑ ብዙ ሰው አይነገረውም። ያስተማሩን ነገር ግን ሥር ሰዷል፦ ጥሩ ቅባት ቶሎ የሚያስታግስ ነው። በዚህ ሚዛን ፍሎሮዩራሲል መጥፎ ቅባት ነው። ብዙ ሰው በሁለተኛው ሳምንት ቱቦውን ቢወረውር አይገርመኝም፤ መድኃኒቱ ሥራውን እያጋመሰ ያለውም ያኔ ነው።

መድኃኒቱ የተወለደው ለቆዳ ታስቦ አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ በአሜሪካ ዊስኮንሲን ዩኒቨርሲቲ የነበረው ቻርልስ ሃይደልበርገር የሚባል ተመራማሪ ከአንድ ነገር ተነሣ፦ የአይጦች የጉበት ዕጢ ዩራሲል የሚባለውን ንጥረ ነገር ከጤነኛው ጉበት አብልጦ ይጠቀማል። ስለዚህ ዩራሲል የሚመስል፣ ግን አንድ የፍሎሪን አቶም የተሰካበት አስመሳይ ሠራ። ሕዋሱ እውነተኛው መስሎት ይወስደዋል፤ ከወሰደው በኋላ ግን ዲኤንኤውን ለማባዛት የሚያስፈልገውን ታይሚን የተባለ ክፍል መሥራት ያቅተዋል። ሊባዛ ሲል ይሞታል። ግኝቱ በ1957 ታተመ፤ መድኃኒቱም በደም ሥር እየተሰጠ ለአንጀትና ለጡት ካንሰር መዋል ጀመረ። ዛሬም ይሰጣል፤ በካንሰር ሕክምና ዙሪያ ያለ ሰው ስሙን ያውቀዋል።

ወደ ቆዳ ያመጣው አንድ አጋጣሚ ነው። መድኃኒቱን በደም ሥር የሚወስዱ አንዳንድ ታካሚዎች ፊታቸው ላይ የነበሩት ሻካራ ነቁጦች ብቻቸውን ቀሉ፣ ቆሰሉ፣ ከዚያም ጠፉ። በዙሪያቸው ያለው ጤነኛ ቆዳ ግን እንዳለ ነበር። በቡፋሎ ከተማ ሮዝዌል ፓርክ የካንሰር ተቋም ይሠራ የነበረው ኤድመንድ ክላይን ከዚህ ተነሥቶ መድኃኒቱን በቅባት መልክ ቆዳ ላይ መሞከር ያዘ፤ እ.ኤ.አ. በ1972 ለዚህ ሥራው የላስከር ሽልማት ተሰጠው። ቅባቱ መርጦ የሚጎዳው በችኮላ የሚባዛውን ሕዋስ ነው። ጤነኛው ቆዳ ቀስ እያለ ስለሚባዛ ይተርፋል፤ የተበላሸው እየሞተ ሲረግፍ ደግሞ ሰውነት ሬሳውን ለማንሣት ደም ይልካል። ያ መቅላት፣ ያ ማቃጠል እሱ ነው። ከዚህም የተነሣ ቅባቱ ዓይን ያላያቸውን ነቁጦች ጭምር ይገልጣል። ሦስት አሉኝ ብሎ የጀመረ ሰው ግንባሩ ላይ ዐሥራ ሁለት ሆነው ሲቀሉ ያያል። ቅባቱ አልፈጠራቸውም፤ ነበሩ።

የመጀመሪያው ሳምንት ያታልላል። ትንሽ ሮዝ የመሰለ ነገር ብቻ ነው፤ ሒሳብ ያዣችን ለሚስቱ «ይኼማ ምንም አይደል» ሊል ይችላል። በሁለተኛው ሳምንት ቦታዎቹ ቀይ ሆነው ያብጣሉ፣ ያሳክካሉ፣ እንደ ተቃጠለ ቆዳ ይሞቃሉ። በሦስተኛው ይላጣሉ፣ ያዣሉ፣ ቅርፊት ይይዛሉ፤ ትራሱ ላይ ነጠብጣብ ይገኛል፤ እንቅልፍ ይቀንሳል። ብዙ ሰው ከፍተኛው ሥቃይ የሚሰማው እዚህ ላይ ነው። አራተኛው ሳምንት ሲያልቅና ቅባቱ ሲቆም ቁስሉ ወዲያው አይጠፋም፤ ሳምንታት ይቆያል። ቀዩ ወደ ሮዝ፣ ሮዙ ወደ ቀድሞው ቆዳ እስኪመለስ አንድና ሁለት ወር ሊፈጅ ይችላል። ሰው ሁሉ በአንድ ልክ አይቀላም፤ መጠነኛ ምላሽ የሚያሳይም፣ ፊቱ ጨርሶ የሚያብጥም አለ። ጭራሽ ምንም ያልታየበት ግን መድኃኒቱ በትክክል እየተቀባ መሆኑን፣ ቱቦውም ጊዜው ያላለፈበት መሆኑን ሐኪሙ ዘንድ ሄዶ ቢያስመለክት ይሻላል።

ስለ አቀባቡ ጥቂት። ፊት ለብ ባለ ውኃና ለስላሳ ሳሙና ይታጠባል፣ ሳይታሽ ይደርቃል፣ ዐሥር ደቂቃ ያህል ይጠበቃል። ቅባቱ በስሱ ነው የሚቀባው፤ ማብዛቱ ፈውሱን አያፈጥንም፣ ቁስሉን ብቻ ያብሳል። ዓይን አጠገብ፣ አፍንጫ ውስጥና አፍ ውስጥ መግባት የለበትም። የተቀባበት እጅ ወዲያው በሳሙና ይታጠባል፤ ጉርሻ በሚጎራረስ ቤት ይህን መርሳት አይቻልም። እርጉዝ የሆነች ወይም ልትፀንስ የምታስብ ሴት ለራሷ ልትቀባው አይገባም፤ ባሏን ልትቀባ ብላም ባትነካው ይሻላታል። ግቢ ውስጥ ውሻ ወይም ድመት ካለ ቱቦው ከፍ ያለ ቦታ ይቀመጥ። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን እ.ኤ.አ. በ2017 ውሾች ቱቦውን ነክሰው መሞታቸውን ገልጾ አስጠንቅቋል። ቁስሉ ሲደርቅና ሲወጥር ሐኪሙ ካልከለከለ ቅባቱ ከገባ በኋላ ተራ ቫዝሊን ስስ አድርጎ መቀባት ያሳርፋል፤ ቀዝቃዛ እርጥብ ጨርቅም እንዲሁ። ማቃጠሉ ሲብስ ሐኪሙ ለጥቂት ቀን አስቁሞ ሊያስቀጥል ይችላል። ያን የሚወስነው ግን እሱ ነው፤ ጎረቤት አይደለም።

ጎረቤት ግን ይመጣል። መምጣቱ ደግሞ በፍቅር ነው።

በሚኖርበት ጀሞ ኮንዶሚኒየም ደረጃው ላይ ያገኙት እናት ቆም ብለው ያዩታል። «ምች ነው ልጄ። ምነው ፀሐይ ላይ ቆመህ ምን በላህ? ዳማከሴ ልጭመቅልህ።» ዳማከሴ ለምች ከሆነ እሺ፤ በፍሎሮዩራሲል በተላጠ ቆዳ ላይ የተጨመቀ ቅጠል ግን ቁስሉን ከማስቆጣትና ከመበከል ውጭ የሚጨምረው የለም። በሦስተኛው ሳምንት ቅርፊቱ በአንድ ጉንጭ በኩል ሲታይ ሌላዋ «አልማዝ ባለ ጭራ ናት» ትላለች። እውነት ለመናገር ስሕተቷ አይፈረድባትም፤ በአንድ ወገን ብቻ የወጣ ቁስል ይመስላል። ሦስተኛው ሰው ፀበል ይመክራል። ፀበል ለመጠመቅ የፈለገ ታካሚ ሐኪሙን ከመደበቅ ይልቅ ቢነግረው ሰዓቱን አስተካክለው ሁለቱንም ማስኬድ ይችላሉ። ጠዋት የተቀባ መድኃኒት ወዲያው በውኃ ከታጠበ እንዳልተቀባ ነው። የተደበቀ ሕክምና ሁልጊዜ አንዱን ያበላሻል፤ ይህን በሌሎች በሽታዎችም አይተነዋል።

ከሁሉ የሚከብደው ሰላምታው ነው። ጉንጭ ለጉንጭ ሦስት አራት ጊዜ የሚሳሳም ሕዝብ መሀል ጉንጩ የቆሰለ ሰው ምን ያደርጋል? ሒሳብ ያዣችን ገበያ ላይ ትከሻውን ያስቀድማል፤ ለወንዶቹ የትከሻ ሰላምታ አዲስ አይደለም፣ ማንም አይጠይቀውም። አክስቱ ቤት ግን አይሠራም። «ምነው ልጄ፣ ጠላኸኝ?» የቤተሰብ ሰው ቀድሞ ካልተነገረው ይቀየማል። ከተነገረው ደግሞ ካንሰር የሚለውን ቃል ይሰማና ያለቅሳል። የሁለቱን መካከል መፈለግ ራሱ ሥራ ነው። አንዳንዱ «የቆዳ ሕክምና ላይ ነኝ፣ ወር ሙሉ አትሳሙኝ» ብሎ በአጭሩ ይዘጋዋል። እኔ ይህን መንገድ እወደዋለሁ፤ አይዋሽም፣ አያስለቅስምም።

ወደ ሐኪሙ የሚወስደው ታክሲ ከጀሞ በአየር ጤና በኩል ነው የሚዞረው። ረዳቱ «ዘነበ ወርቅ!» ብሎ ሲጣራ አለርት ሆስፒታል ደጃፍ ድረስ ያለው መንገድ ሌላ ታሪክ ይዟል፤ የቅባቱ ነገር ለምን ከማቃጠል በላይ እንደሚከብድ የሚነግረን እሱ ነው። እ.ኤ.አ. በ1934 ሱዳን ኢንቴርየር ሚሽን በዶክተር ቶማስ ላምቢ አማካይነት እዚህ የሥጋ ደዌ ሆስፒታል ሲከፍት ቦታው ከከተማ ውጭ ነበር፤ ውጭ እንዲሆን ተፈልጎም ነው። ስሙን ያገኘው በወጣትነቷ ከሞተችው የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ልጅ ከልዕልት ዘነበ ወርቅ ነው። ከየጠቅላይ ግዛቱ በእግራቸው የመጡ ሕሙማን ታክመው ወደ አገራቸው መመለስ ያቅታቸው ነበር፤ የሚቀበላቸው አልነበረምና በሆስፒታሉ አጥር ዙሪያ ጎጆ ቀልሰው ወለዱ፣ ከበዱ። ከተማዋ በኋላ ቆሻሻዋንም ወደዚያው አቅጣጫ አመጣች፤ መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. ተንዶ ከ110 ሰው በላይ የቀበረው የቆሼ ክምር ከዚህ ሩቅ አይደለም። ሰውንና ጥራጊን ወደ አንድ ወገን የገፋው አስተሳሰብ አንድ ነው ብዬ አስባለሁ።

አለርት በ1958 ዓ.ም. በዚህ ሆስፒታል ላይ ተመሠረተ፤ አርማወር ሀንሰን የምርምር ተቋምም ጥቂት ዓመት ቆይቶ በዚያው ግቢ ተጨመረ። ሥጋ ደዌ በጥምር መድኃኒት የሚድን በሽታ ከሆነ ከ40 ዓመት በላይ አልፎታል። በአለርት የቆዳ ክፍል ተራ የሚጠብቀው ሰው አብዛኛው የመጣው በቋቁቻ፣ በጭርት፣ በብጉር፣ በእከክ፣ በሚያሳክክ ቆዳ ነው። «አለርት ደርሼ መጣሁ» ማለት ግን አሁንም ለብዙ ሰው ይከብደዋል። የፊቱ ግማሽ ቀልቶና ቅርፊት ይዞ ከአለርት በር ታክሲ የተሳፈረ ሰው አጠገብ ያለው ወንበር ሳይያዝ የሚቆየው ለምን እንደሆነ ማስረዳት አያስፈልግም። ይህ ቅባት ድብቅ የነበረውን በሽታ በአንድ ወር ውስጥ ለሰው ሁሉ ያሳያል። ማቃጠሉን ቫዝሊንና ትዕግሥት ይችሉታል፤ መታየቱን የሚችል መድኃኒት ግን ከቱቦው ጋር አይሰጥም።

ለዚህ ነው ሕክምናው የሚጀመርበትን ወር መምረጥ እንደ ቅንጦት መታየት የሌለበት። ሠርግ የሚበዛበት ጥር፣ በዓል የሚከታተልበት መስከረም አይመረጥም። ሐኪሙ ነገሩ አጣዳፊ አይደለም ካለ ክረምቱ ይሻላል፤ ሠርግ የለም፣ ፀሐይዋም ቢያንስ በደመና ተሸፍናለች። በሙቀት አጠገብ የሚውል ሰው፣ ለምሳሌ እንጀራ ጋጋሪ፣ ምጣዱ ፊት በቆመች ቁጥር ቁስሉ እንደሚነድባት ማወቅ አለባት፤ ለአንድ ወር የሚተካት ሰው ብታገኝ እረፍቱ ለፊቷ ነው። ከንፈሩ የሚታከም ሰው ደግሞ በርበሬን ለጊዜው ይሰናበተዋል።

አዲስ አበባ ፀሐይዋ ቀዝቃዛ ስለምትመስል ታዘናጋለች። ከተማዋ ከባሕር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ በእያንዳንዱ 1,000 ሜትር ከፍታ አልትራቫዮሌት ጨረሩ 10 በመቶ ያህል ይጨምራል። ወደ ምድር ወገብም ቅርብ ነን፤ በሚያዝያ መጀመሪያና በነሐሴ መጨረሻ ግድም ቀትር ላይ ፀሐይ ልክ አናት ላይ ትሆናለች። የዓለም ጤና ድርጅት በጨረር መለኪያው 11ና ከዚያ በላይን «እጅግ ከፍተኛ» ይለዋል፤ በበጋ ቀትር አዲስ አበባ ይህን ታልፋለች። ሜላኒን ያለው ቆዳ ይህን ሲከላከል ኖሯል። ሜላኒን የሌለው ግን በሕፃንነቱ ነው መቃጠል የሚጀምረው። በአፍሪካ ከአልቢኒዝም ጋር የሚኖሩ ሰዎችን ለሞት የሚያደርሳቸው ዋናው በሽታ የቆዳ ካንሰር ነው፤ ብዙዎቹ ሐኪም ዘንድ የሚደርሱት ቁስሉ ከገነፈለ በኋላ ነው፤ ያኔ የቅባቱ ሰዓት አልፏል። ሒሳብ ያዣችን ዕድለኛ ነው የምለው ለዚህ ነው።

በነገራችን ላይ፣ ከአልቢኒዝም ጋር መወለድ ለዚህ አገር መጻሕፍት እንግዳ አይደለም። ሙሉ ይዘቱ በግዕዝ ብቻ ተጠብቆ የኖረው መጽሐፈ ሄኖክ ምዕራፍ 106 ላይ ላሜህ ልጁ ኖኅ ሲወለድ ቆዳው ነጭና ቀይ፣ ጸጉሩ ነጭ ሆኖ ሲያየው ደንግጦ ወደ አባቱ ወደ ማቱሳላ እንደሸሸ ይተርካል። አርኖልድ ሶርስቢ የተባለ እንግሊዛዊ የዓይን ሐኪም በ1958 እ.ኤ.አ. ይህን ምዕራፍ አንብቦ ኖኅ አልቢኖ ነበር የሚል ጽሑፍ በብሪታንያ የሕክምና መጽሔት አሳትሟል። የተመራማሪ ጨዋታም ሊሆን ይችላል። ግን አባትየው ሲሸሽ አያትየው ነገሩን ለመረዳት ሄኖክን ፍለጋ እስከ ምድር ዳርቻ መሄዱ፣ ልጁም ያንተው ነው የሚል መልስ ይዞ መመለሱ፣ ሰኔ 6 ቀን የሚከበረው የዓለም የአልቢኒዝም ቀን ላይ ቢነበብ ከብዙ ንግግር ይሻል ነበር።

ወደ ቅባቱ ስንመለስ፣ ውጤቱ ሥቃዩን ያወጣዋል ወይ የሚለው ጥያቄ ተገቢ ነው። በኔዘርላንድስ ማስትሪኽት ዩኒቨርሲቲ መሪነት ተካሂዶ እ.ኤ.አ. በ2019 የታተመ ጥናት ለሻካራ ነቁጦች የሚሰጡ አራት ሕክምናዎችን አወዳድሯል። ከአንድ ዓመት በኋላ ነቁጦቻቸው ቢያንስ በሦስት አራተኛ የቀነሱላቸው ሰዎች በፍሎሮዩራሲል ከ100 ሰው 75፣ በኢሚኪሞድ ቅባት 54፣ በብርሃን ሕክምና 38፣ ኢንጀኖል በተባለው ደግሞ 29 ገደማ ነበሩ። በአሜሪካ 932 የቀድሞ ወታደሮች ላይ የተሠራና እ.ኤ.አ. በ2018 የታተመ ሌላ ጥናት ደግሞ ቅባቱን እስከ አራት ሳምንት መቀባት በቀጣዩ አንድ ዓመት ውስጥ ቀዶ ሕክምና የሚያስፈልገውን የስኳመስ ሴል ካንሰር በ75 በመቶ ቀንሷል ይላል። ጥቅሙ ከዓመቱ በኋላ እየሳሳ ይሄዳል፤ ስለዚህ አንድ ዙር ለዕድሜ ልክ አይበቃም። ሁለቱም ጥናቶች በብዛት የተሠሩት ቆዳቸው ነጭ በሆነ ሰዎች ላይ መሆኑን ግን መርሳት የለብንም፤ ከእነሱ ተነሥቶ ስለ ጀሞ ሲወራ ጥንቃቄ ይፈልጋል።

ከአራቱ በመጨረሻ የወጣው ኢንጀኖል ለኛ ሰው የሚነግረው ነገር አለው። የተገኘው ነጭ ወተት ከሚያወጣ አንድ ተክል ነው፤ የኛ ቅንጭብና ቁልቋል የዚያው ዘመድ ናቸው። ኪንታሮት ላይ ወተቱን የሚያንጠባጥብ ሰው በየገጠሩ አለ። ላቦራቶሪ አጣርቶ፣ መጠኑን ለክቶ ያወጣው ያ የተክል መድኃኒት እንኳ እ.ኤ.አ. በ2020 የቆዳ ካንሰር ሊጨምር ይችላል በሚል ሥጋት በአውሮፓ ከገበያ ታግዷል። «ይሄኛውም ያቃጥላል፣ ያኛውም ያቃጥላል» ብሎ የቅንጭብ ወተት ፊቱ ላይ ለሚያደርግ ሰው መልሱ ይህ ነው፤ ዓይን ውስጥ ከገባ ደግሞ ብርሃን ሊያሳጣ ይችላል።

ቅባቱ የማይነካቸው ካንሰሮች አሉ፤ እዚህ አገር ብዙ የምናያቸውም እነሱ ናቸው። ዓመታት የከረመ የእሳት ጠባሳ፣ የማይድን የእግር ቁስል፣ ሥጋ ደዌ ያደነዘዘው ውስጥ እግር ላይ የቆየ ቁስል፣ ከጊዜ በኋላ ወደ ካንሰር ሊለወጥ ይችላል። ማርዦላን የተባለ ፈረንሳዊ የቀዶ ሕክምና ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1828 እንዲህ ያለውን ቁስል ስለጻፈበት በስሙ ይጠራል። ጠርዙ እየተነሣ፣ እየሸተተ፣ እየደማ የሚሰፋ አሮጌ ቁስል ናሙና ይፈልጋል እንጂ ሌላ ቱቦ አይፈልግም። የጥቁር ሰው ሜላኖማም እንዲሁ፤ በብዛት የሚወጣው ፀሐይ በማያገኘው መርገጫ ላይ ወይም ከጥፍር ሥር ነው። በ1997 ዓ.ም. 60ኛ ልደቱን መስቀል አደባባይ ላይ ያከበርንለት ቦብ ማርሊ በዚህ በሽታ ነው የሞተው፤ የተጀመረው በእግሩ አውራ ጣት ነበር፤ በኳስ የመጣ ጉዳት ተብሎ ታልፎ። ወፍሮ ያበጠ፣ በፍጥነት ያደገ፣ ሥር የሰደደ ነገር ላይ ቅባት መቀባት ላዩን አድርቆ ታቹን ማሳደግ ነው። ናሙና ሳይወሰድ ቅባት የማይጀመረው ለዚህ ነው።

መድኃኒቱን ማግኘት ሌላ ጣጣ ነው። 5 በመቶ ፍሎሮዩራሲል በዓለም ጤና ድርጅት የመሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝር ላይ አለ፤ በዝርዝር መኖርና በየሠፈሩ መድኃኒት ቤት መኖር ግን ለየቅል ናቸው። ብዙ ጊዜ መንገዱ የታወቀው ነው፦ ማዘዣው ፎቶ ተነሥቶ ለዋሽንግተን ወይም ለዱባይ ዘመድ ይላካል፣ ቱቦው በመጣ ሰው ሻንጣ ይደርሳል። እንዲህ ሲሆን ሁለት ነገር ማየት ያስፈልጋል። አንደኛ፣ ቱቦው ላይ የተጻፈው መጠን ሐኪሙ ካዘዘው ጋር አንድ መሆኑን፤ 5 በመቶ ብቻ ሳይሆን ከዚያ የቀጠነም አለ። ሁለተኛ፣ ዘመድ አንድ ቱቦ ልኮ ሁለተኛው ከመድረሱ በፊት ሕክምናው መሀል ላይ እንዳይቋረጥ ቀድሞ ማስላት። የተረፈውን ለጎረቤት ማካፈል የኛ ደግነት ነው፤ እዚህ ላይ ግን ደግነቱ ይቅር። ከመቶዎች አልፎ አልፎ መድኃኒቱን የሚያፈርሰው ኢንዛይም በተፈጥሮ የሚጎድለው ሰው አለ፤ አፉ ከቆሰለ፣ ደም የቀላቀለ ተቅማጥ ወይም ትኩሳት ከመጣበት ቅባቱን አቁሞ ወዲያው ሐኪም ዘንድ መሄድ አለበት።

ፀሐይ መከላከያ ቅባቱ ደግሞ ከመድኃኒቱም በፊት መምጣት የነበረበት ነው። ለሌላው ሰው መዋቢያ ተብሎ ዋጋው ይሰቀላል፤ ለአልቢኒዝም ሰው ግን መድኃኒት ነው። ታንዛኒያ ሞሺ ውስጥ ያለው የቆዳ ሐኪሞች ማሠልጠኛ ማዕከል ኪሊሰን የሚባል መከላከያ እዚያው እየተመረተ ለአልቢኒዝም ሰዎች እንዲዳረስ አድርጓል፤ እኛ ያን መኮረጅ የሚያሳፍር ነገር አይደለም። መከላከያው እስኪደርስ ልብስ አለ። ስስ ነጭ ነጠላ ጨረሩን ብዙም አያግድም፤ አራት እጥፍ የሆነው ጋቢ ግን ደኅና ይከላከላል። ሰፊ ባርኔጣ፣ ረጅም እጅጌ፣ ጠቆር ያለ ጥቅጥቅ ሸማ፣ ሴቶች በእጃቸው የማይለዩት ጃንጥላ፤ ከጠዋቱ 4 ሰዓት እስከ ቀኑ 9 ሰዓት ደግሞ ከጥላ አለመውጣት። ገበያ የሚውል ሰው የመጨረሻውን እንዴት ይፈጽመው? ሒሳብ ያዣችን ከአለቃው ጋር ተነጋግሮ ሌሊት ለሚገቡት መኪኖች ሒሳብ መያዝ ጀምሯል፤ ፀሐይ ከመወጠሯ በፊት ደብተሩን አስረክቦ ይወጣል። ደመወዙ ትንሽ ቀንሷል።

ቅባቱን ካቆመ በኋላ በሁለት ወሩ ሊታይ ሄደ። ግንባሩ ጠርቷል፤ አዲሱ ቆዳ ከሌላው ይልቅ ሮዝ ነው፣ ያም እየደበዘዘ ይሄዳል። ጉንጩ ላይ ከነበሩት ሁለቱ በጣት ሲዳሰሱ አይሻክሩም። ናሙና የተወሰደባት ሰፊዋ ግን በአንድ ጠርዟ በኩል ትንሽ ቅርፊት ይዛለች። ሐኪሙ በመነጽር አየና ሁለተኛ ዙር ቅባት አልጻፈም፤ አካባቢዋን አደንዝዞ ቆርጦ እንደሚያወጣት፣ የወጣውም ዳር ዳሩ ንጹሕ መሆኑ ተመርምሮ እንደሚታወቅ፣ ስፌቱ በሳምንት ውስጥ እንደሚፈታ ነገረው። ሒሳብ ያዣችን የጠየቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ «ያቃጥላል?» ማደንዘዣው ሲወጋ ለጥቂት ሰከንድ እንደሚያቃጥል ተነገረው። ቀጠሮውን ለቀጣዩ ማክሰኞ አስያዘ፤ ማክሰኞ ገበያው ቀለል ይላል።